መጽሐፍ በጆሮ፦ የቱን ላዳምጥ፣ የቱን ልለፍ?

መጽሐፍ የሚወድ ሰው ለጆሮው ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው መጽሐፉን ራሱን የሚያነብለት ሰው ነው። ሁለተኛው ስለ መጽሐፉ ቁጭ ብሎ የሚያወራለት ሰው ነው። ሁለቱንም በጅምላ «የመጽሐፍ ፕሮግራም» እንላቸዋለን እንጂ ሙያቸው ለየቅል ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ እኛ የአማርኛ አድማጮች በመጀመሪያው ማንንም አንፈራም። በሁለተኛው ግን ገና ነን። በጣም ገና። ጓደኞቼ «ምን ላዳምጥ?» እያሉ ስለሚጨቀጭቁኝ የማዳምጠውንም ሰምቼ የተውኩትንም ሳልሸፋፍን ላስቀምጠው።

ከአንጋፋው እንጀምር። የኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» የሚባል ፕሮግራም ነበረው። ስሙን የማያውቅ ወጣት እንኳ ፍሬውን ያውቀዋል፤ ወጋየሁ ንጋቱ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» ከዚያ የመጣ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ የታተመው በ1958 ነው። ብዙ ሰው ግን ያነበበው በወጋየሁ ድምፅ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው ስለ ጉዱ ካሣ ሲከራከር ሰምቼ አውቃለሁ፤ ደግሞ ክርክሩን ያሸንፋል።

ምኑ ነው እንዲህ የሚይዘው? ወጋየሁ የመድረክ ሰው ነው፣ ግን ማይክ ፊት ሲቀመጥ ቲያትር አይሠራባችሁም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩ ድምፁ ይከብዳል፣ ቃሉ ይጎተታል፣ ኩራታቸው ከነጉራቸው ይመጣል። ግን አይጮህም። ተራው የጉዱ ካሣ ሲሆን ደግሞ ያ ነገር ሁሉ ይጠፋና አንድ የመረረው፣ የሚያላግጥ፣ ችኩል ሰው ይመጣል። የትኛው ገጸ ባሕርይ እንደሚያወራ «አለ» ሳይባል ታውቁታላችሁ። ፊታውራሪ ገበሬዎቻቸውን ሊወጉ ዘምተው መጨረሻቸው በአበጀ በለው እጅ መውደቅ የሆነበትን ክፍል ስሙት። መጽሐፉ ላይ ስታነቡት ያስቃል። በወጋየሁ ስትሰሙት ግን ሳቁ መሀል ላይ ለሽማግሌው ማዘን ይጀምራችኋል፣ እና ለምን እንዳዘናችሁ ትናደዳላችሁ፤ ምክንያቱም ሰውየው የሚታዘንላቸው አይደሉም።

ዝምታውንም አስተውሉ። ወጋየሁ ነጠላ ሰረዝ ላይ ትንሽ፣ አራት ነጥብ ላይ ረዘም አድርጎ ይቆማል። ትልቅ ነገር ከተናገረ በኋላ ደግሞ ቀረጻው የተቋረጠ እስኪመስላችሁ ድረስ ዝም ይላል። የዘንድሮ ተራኪዎች ይቺን ዝምታ ይፈሯታል። ወዲያው ክራር ይለቁባታል።

ችግሩ ይሄን ትረካ ዛሬ የምናገኝበት መንገድ ነው። ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል፣ ቴሌግራም ላይም ሞልቷል፣ ግን አንዱ እንኳ በሥርዓት የተቀመጠ አይመስልም። አንዱ ቻናል ክፍሎቹን በራሱ ቁጥር ቆራርጧቸዋል፣ ሌላው በሌላ ቁጥር። የአንዱ ክፍል መጨረሻ የሌላኛው መካከል ላይ ይወድቃል። የሰብለ ወንጌልና የበዛብህ ነገር ጫፍ ላይ ሲደርስ የሳሙና ማስታወቂያ ይገባል፤ እሺ እሱንስ ዩቲዩብ ነው እንበል፣ አንዳንዱ ግን መሀል ላይ የራሱን ድምፅ አስገብቶ «ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሱ» ይላል። በወጋየሁ ላይ! የተራኪው ስም ያልተጻፈበትም ብዙ ነው። የሬዲዮ ጣቢያው ማኅደር ይሄን ነገር አጽድቶ፣ በቅደም ተከተል፣ ከነተላለፈበት ቀኑ ቢያወጣው ከፍለን የምንሰማ ብዙ ነን።

ከወጋየሁ ቀጥሎ ፈቃዱ ተክለማርያምን የማያነሳ የትረካ ወዳጅ የለም። እሱም የቲያትር ሰው ነበር፣ በ2010 ነው ያረፈው። ድምፁ ከወጋየሁ ይልቅ ሞቅ ያለ ነው፤ ለጨዋታ፣ ለቀልድ፣ ለነገረኛ ገጸ ባሕርይ እሱን የሚያህል አላገኘሁም። ለከባድ ሐዘን ግን ወደ ወጋየሁ እመለሳለሁ። ይሄ የጣዕም ጉዳይ ነው፣ አትፍረዱብኝ።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ሸገር ኤፍኤም 102.1 ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ትረካን እንደ ዋና ነገር ይዞ መምጣቱ ለብዙዎቻችን ውለታ ነው። «ሸገር ሼልፍ» የሚባለውን የትረካ ፕሮግራሙን ያልሰማ ካለ ይስማ። አቀራረቡ ንጹሕ ነው፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ዩቲዩብ ላይም ስለሚወጣ ሰዓቱን መጠበቅ አያስፈልግም። ታክሲ ውስጥ ሆኖ መገናኛ ላይ መንገድ ሲዘጋጋ ከዚህ የተሻለ ማስታገሻ አላውቅም። የሚጎድለው ምን መሰላችሁ? ትረካው ያልቃል፣ ሙዚቃ ይገባል፣ በቃ። ደራሲው ማን ነው፣ መቼ ጻፈው፣ ለምን ይሄን መረጣችሁት፣ ተርጓሚው ማን ነው የሚለውን ሁለት ደቂቃ ረጋ ብሎ የሚነግረን ቢኖር እወድ ነበር። አንዳንዴ በጣም የወደድኩትን ታሪክ መጽሐፉን ልግዛ ብዬ ርዕሱን ፍለጋ መልሼ ከመጀመሪያው መስማት ግድ ይሆንብኛል።

አሁን ደግሞ ወደማልወደው። የዩቲዩብ ትረካ ቻናሎች። ሁሉንም በአንድ ላይ መኮነን አልፈልግም፤ ከመካከላቸው ልብ ብሎ የሚያነብ፣ ጥሩ ድምፅ ያለው ልጅ አለ። ብዙዎቹ ግን ጽሑፉን መጀመሪያ የሚያዩት ማይክ ፊት ተቀምጠው እንደሆነ ያስታውቃሉ። አማርኛ ፊደል ላይ ማጥበቅና ማላላት አይጻፍም፤ «ይመታል» የሚለው ሰውየው መቺ ይሁን ተመቺ የሚለየው አንባቢው ዓረፍተ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ሲያውቅ ብቻ ነው። ሳያዩ የሚያነቡት እዚህ ጋ ይጋለጣሉ። ከመሬት ተነስቶ ደብዳቢው ተደብዳቢ ይሆናል። በዚያ ላይ ከሥር የማያቋርጥ ኪቦርድ አለ፣ ዝናብ ሲባል የዝናብ ድምፅ፣ በር ሲባል የበር ድምፅ። አድማጩ ዝናብ ምን እንደሚመስል ያውቃል እኮ!

ይባስ ብሎ የማሽን ድምፅ መጥቷል። የማይክሮሶፍቶቹን «መቅደስ» እና «አመሃ» የምታውቋቸው ባይመስላችሁም ሳትሰሟቸው አትቀሩም፤ እነዚህ በኮምፒውተር የተሠሩ የአማርኛ ድምፆች ናቸው። ለዜና፣ ለማስታወቂያ፣ ዓይኑ ለማያይ ሰው ስልክ መቼም ይጠቅማሉ፣ አልቃወምም። ልቦለድ ግን አያነቡም። ሰርግንም ለቅሶንም በአንድ ልብ ነው የሚያልፉት። ቻናሉ «በተወዳጅ ተራኪ» ብሎ ርዕስ ሰጥቶት ስትከፍቱት ማሽን ከሆነ ዝጉት፣ ሌላ ምክር የለኝም።

የባለቤትነት ጉዳይም አለ። አብዛኛው ቻናል ደራሲውን አስፈቅዶ አይመስለኝም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ስለዚህ የሚተረኩልን ልቦለዶች አብዛኞቹ ባለቤት አላቸው ማለት ነው። ደራሲው ከመጽሐፉ ሽያጭ የሚያገኘው እንደምታውቁት ነው፣ ቻናሉ ደግሞ በማስታወቂያ ይበላል። እኔ ራሴ ነጻውን ስሰማ አልኖርኩም ብዬ አልዋሽም። ለዚህ ነው እንደ «ተራኪ» ያሉ በአገር ውስጥ የተሠሩ የድምፅ መጽሐፍ መተግበሪያዎች መምጣታቸውን የምደግፈው። የድምፅ ጥራታቸው ከቴሌግራሙ ጋር አይወዳደርም፣ ምዕራፉም አይቆራረጥም። የመጽሐፍ ምርጫቸው ገና ይቀረዋል፤ የምፈልገውን ፈልጌ አጥቼ የማልፈልገውን ሰምቼ የወጣሁበት ጊዜ አለ። ቢሆንም ገንዘቡ ወደ ደራሲው የሚሄድበት መንገድ ስላለው ይበረታታ።

እስካሁን ያወራነው ስለ ትረካ ነው። አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ስለ መጽሐፍ ወደሚወራበት እንምጣ።

እዚህ ጋ ነው የሚቆጨኝ። ኤፍኤም ላይ ወይም ፖድካስት ላይ ደራሲ ሲጋበዝ የሚጠየቀውን እናንተም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። «እስቲ ስለ አስተዳደግህ ንገረን።» «መጻፍ እንዴት ጀመርክ?» «መጽሐፉ ስንት ዓመት ፈጀብህ?» «ለወጣቱ ምን መልእክት አለህ?» ከዚያ «ጊዜህን ሰውተህ ስለመጣህ እናመሰግናለን»። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተወርቶ አንድም ገጸ ባሕርይ በስሙ አይጠራም። አንድ ጊዜ ሬዲዮ ላይ አንድ ደራሲ ራሱ ጨንቆት «ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ እንዳነበብከው…» ሲል አዘጋጁ «አዎ አዎ፣ ወደ እሱ እንመጣለን» ብሎ ሲያልፍ ሰምቻለሁ። ወደ እሱ አልመጡም። ከዚያ ወዲህ የመጽሐፍ ፕሮግራም የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፦ አዘጋጁ አንብቦታል? እሱን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ ታውቁታላችሁ።

ለፍትሕ ያህል፣ የሸገሯን የመዓዛ ብሩን «የጨዋታ እንግዳ» ከዚህ አወጣዋለሁ። መዓዛ ተዘጋጅታ ነው የምትመጣው፣ እንግዳውን ለብዙ ሳምንት ይዛ ታቆየዋለች፣ አይቸኩሉም። ደራሲ ሲመጣላት ከማንም በላይ ታወጣጣዋለች። ግን ፕሮግራሙ የሕይወት ታሪክ ነው እንጂ የመጽሐፍ ክርክር አይደለም፣ እንዲያ ልትጠይቁትም አይገባም። የዶይቼ ቬለ አማርኛው «የባህል መድረክ»ም አንዳንዴ ጥሩ የመጽሐፍ ዝግጅት ያወጣል፤ ጣቢያው ከ1957 ጀምሮ ያለ አንጋፋ ነው፣ ቋንቋቸውም የታረመ ነው። አጭር መሆኑ ነው ችግሩ። ነገሩ ሞቅ ሲል «ሰዓታችን አለቀ»።

የሚያናድደው ስለ መጽሐፍ ማውራት የማንችል ሰዎች አለመሆናችን ነው። በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ በወመዘክር አዳራሽ የመጽሐፍ ውይይት ሲኖር ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ጥናት አቅራቢው ከጨረሰ በኋላ ማይኩ ወደ ታዳሚው ሲሄድ ነው ነገሩ የሚጀምረው። ከኋላ ወንበር አንድ ጡረታ የወጣ መምህር ተነስተው «ገጽ እንዲህ ላይ ያለው ከገጽ እንዲያ ጋር ይጋጫል» ብለው ደራሲውን ያፋጥጡታል፣ ደራሲው ይሟገታል፣ አዳራሹ ይስቃል፣ ያጨበጭባል። ይሄ ተቀርጾ፣ ረጅሙ የምስጋና ንግግር ተቆርጦ፣ በየሳምንቱ ቢወጣ ከየትኛውም ፖድካስት አያንስም። ስልክ የቀረጸው፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚመጣ ቪዲዮ ግን አይደመጥም።

እንግሊዝኛ ለሚሰማ ሰው የምመክራቸው አሉ። አንደኛ፣ የቢቢሲ ወርልድ ሰርቪሱ «ወርልድ ቡክ ክለብ»። በወር አንድ ጊዜ ነው የሚወጣው፣ ሃሪየት ጊልበርት ናት የምትመራው፣ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ደራሲ ይመጣል፣ ስለ አንድ መጽሐፉ ብቻ ይወራል፣ ጠያቂዎቹ ደግሞ ከየአገሩ ያሉ አንባቢዎች ናቸው። አንዱ በስልክ፣ አንዱ በጽሑፍ፣ አንዱ እዚያው ስቱዲዮ ተቀምጦ። «መልእክትህ ምንድን ነው?» የሚል አትሰሙም። «ልጅቷ ደብዳቤውን ለምን አቃጠለችው?» ዓይነት ነው ጥያቄው። ደራሲዎቹ ያልጠበቁት ጥያቄ ሲመጣባቸው ትንሽ ዝም ይላሉ፣ እዚያ ዝምታ ላይ ነው ፕሮግራሙ የሚጥመኝ። እንግሊዝኛውም አያስቸግርም፤ ለዓለም አድማጭ ስለሚሠራ ረጋ ብለው ነው የሚያወሩት። የድሮው ክምችት ሰፊ ነው፣ ያነበባችሁትን መጽሐፍ ፈልጋችሁ መጀመር ይሻላል።

ሁለተኛ፣ የ«ኒውዮርከር» መጽሔት የልቦለድ ፖድካስት። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየወሩ ይወጣል፣ አዘጋጇ የመጽሔቱ የልቦለድ አርታኢ ዴቦራ ትሪስማን ናት። አንድ ደራሲ ይጋበዝና ከመጽሔቱ ማኅደር የሌላ ደራሲ አጭር ልቦለድ መርጦ ራሱ ያነበዋል። የራሱን አይደለም፣ የሚወደውን። ከዚያ ሁለቱ ይወያዩበታል። አንባቢዎቹ ተዋናይ ስላልሆኑ በእኛ ተራኪዎች ጆሮው የተቀረጸ ሰው መጀመሪያ ደረቅ ይሆንበታል። ታገሱት። ከንባቡ በኋላ ያለው ውይይት ነው ዋናው፤ ጸሐፊዋ ይቺን ዓረፍተ ነገር ለምን እዚህ አስቀመጠች፣ ባልየው ያውቅ ነበር አያውቅም እየተባባሉ ተመልሰው ጽሑፉ ውስጥ ይገባሉ። አንዳንዴ አይስማሙም፣ እና ማንም አይቀየምም።

«ባክሊስትድ» የሚባል የእንግሊዞች ፖድካስትም አለ፣ የተረሱ የቆዩ መጽሐፎችን እያነሳ የሚያወራ። አዘጋጆቹ እንደ ልብ ጓደኛ ነው የሚጫወቱት። ወደድኩትም ሰለቸኝም። ሲወዱ ያስወድዳሉ፣ ግን የእርስ በርስ ቀልዳቸው ይበዛል፣ ግማሹም ለእንግሊዝ ሰው ብቻ ነው የሚገባው። በዚያ ላይ የሚያነሷቸውን መጽሐፎች ለገሃርና ብሔራዊ አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጋ ተሂዶ መፈለግ በሎተሪ ነው። ለምን እሱን ሰምቼ ልቃጠል? አልፎ አልፎ ብቻ ነው የምከፍተው።

የቢቢሲ ሬዲዮ 4 «ቡክ አት ቤድታይም» ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ትረካ ነው፤ ማታ ማታ 15 ደቂቃ። ጥሩ ነው፣ ግን መጽሐፉን አሳጥረው ነው የሚያቀርቡት። በወጋየሁ ላደገ ጆሮ ቁርጥራጭ ይሆናል። ትረካ ከፈለግኩ ወደ አገሬ እመለሳለሁ።

የኒውዮርከሩን ስሰማ ሁልጊዜ የምመኘው አንድ ነገር አለ። «መነን» እና «የካቲት» መጽሔቶች ላይ የወጡ አጫጭር ልቦለዶች አሉን፤ አብዛኞቹ ድጋሚ ያልታተሙ፣ ቤተ መጻሕፍት ካልሄዳችሁ የማታገኟቸው። አንድ የዛሬ ደራሲ አንዱን መዝዞ ያንብብልን። ከዚያ ካነበበ ሰው ጋር ተቀምጦ አርባ ደቂቃ ይከራከርበት። ተራኪ አለን፣ ጽሑፍ አለን፣ ተከራካሪ ደግሞ ወመዘክር ሞልቷል። የሚጎድለው አስፈቅዶ፣ አንብቦ፣ ተዘጋጅቶ የሚመጣ አዘጋጅ ብቻ ነው። ስፖንሰር አይገኝም የሚሉ አሉ። ለኳስ ትንታኔ በየጣቢያው በየቀኑ ስፖንሰር ይገኝ የለ?

ለጀማሪ የምለው ይሄ ነው። አማርኛ ብቻ ከሆነ ምርጫችሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ከማንኩሳ ጀምራችሁ ስሙ፣ የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ታሪክ ቀስ ያለ ከመሰላችሁ አትዝለሉት፣ በኋላ ታመሰግኑኛላችሁ። አጭር ነገር ከፈለጋችሁ ሸገር ሼልፍ። እንግሊዝኛ ከጨመራችሁ ወርልድ ቡክ ክለብን አስቀድሙ፣ ኒውዮርከሩን ሁለተኛ አድርጉ። ፖድካስቶቹን ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዳችሁ ያዟቸው፤ ዩቲዩብ ላይ ትረካ በቪዲዮ እየከፈቱ አንድ የቆመ ፎቶ ለማየት ዳታ መጨረስ ያሳዝናል። ግድ ዩቲዩብ ከሆነም ጥራቱን 144 ላይ አድርጉት። የወጋየሁ ድምፅ ምንም አይሆንም።